ስኳር ያለበት ሰው ኑሮ እንዴት ይለካል?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕክምናው ተሳክቶለታል የሚባለው መቼ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ እኛ የጤና ባለሙያዎች ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው መልስ ቁጥር ነው። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር ከ130 በታች ከሆነ፣ የሁለትና የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ 7 በመቶ አካባቢ ከቆመ፣ የደም ግፊቱም ካልጨመረ፣ ታካሚው «ጥሩ ነው» ተብሎ መድኃኒቱ ይታደስለታል፣ ቀጠሮውም ይራዘምለታል። ጅማ ውስጥ በስኳር ክትትል ክፍል በነርስነት ስሠራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ እነዚህን ቁጥሮች የማቃልልበት ምክንያት የለኝም፤ እግርን ከመቆረጥ፣ ዓይንን ከመታወር፣ ኩላሊትን ከእጥበት የሚያድነው እነርሱን በወቅቱ አይቶ እርምጃ መውሰድ እንደሆነ ሁልጊዜ የማየው ነው። ይሁን እንጂ ስኳሩ የሚለካው ሰውየው እንዲኖር ነው። ኑሮው ራሱ እንዴት እንዳለ ግን የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው፤ ስንጠይቅም አብዛኛውን ጊዜ ለመመረቂያ ጥናት ብለን ነው፣ መልሱም ከኮምፒውተር ገብቶ ወደ ታካሚው ካርድ ሳይመለስ ይቀራል። እኔ የማምነው ኑሮ በጥያቄ ሊለካ እንደሚችል፣ መለካትም እንዳለበት ነው፤ መለኪያው የሚረባው ግን ሰውየው ራሱ ከፍ አድርጎ የሚያየውን ነገር ሲጠይቅና መልሱም ለዚያው ሰው ሕክምና ሲውል ነው።

ይህ ሐሳብ ከስኳር ሕክምና ጋር የተገናኘው ዛሬ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም (ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት) ባለባቸው 1,441 ሰዎች ላይ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ትልቅ ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የዓይን ጉዳት የመጀመርን ዕድል በ76 በመቶ እንደሚቀንስ በማሳየቱ ይታወቃል። አጥኚዎቹ ከመነሻው ሌላ ስጋትም ነበረባቸው፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። አጥብቆ መቆጣጠር ማለት ኢንሱሊንን በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ መውሰድ፣ ስኳርን በየቀኑ ደጋግሞ መለካት፣ ምግብን እያሰሉ መብላት ማለት ነበር፤ የሌላ ሰው እርዳታ እስከመፈለግ የሚያደርስ የስኳር መውረድም በዚህ ቡድን ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አሻቅቧል። ዓይኑን አድነንለት ኑሮውን ብናውክበትስ ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲገኝ 46 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ለዚያው ጥናት ተዘጋጀ፤ ሰውየው በሕክምናውና በኑሮው ያለውን እርካታ፣ ሕመሙ በዕለት ሥራው ላይ ያለውን ጫና፣ ስለ ወደፊቱ ያለውን ስጋት ይጠይቃል። በመጨረሻ ጥብቅ ቁጥጥር ያደረጉት ሰዎች ኑሮ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። እኔ ከውጤቱ ይልቅ የማደንቀው ጥያቄውን በጊዜው ማንሳታቸውን ነው።

በአብዛኛው በአዋቂነት የሚመጣውን ዓይነት ሁለትን በተመለከተ ደግሞ በብሪታንያ ለ20 ዓመት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1998 ዋና ውጤቱ የወጣው ጥናት ከ5,000 በላይ ሰዎችን የያዘ ነበር። ከዚያ ጥናት የተገኘው የኑሮ ጥራት ትንተና እንዳሳየው፣ የሰዎቹን ኑሮ ያጎደለው መድኃኒቱና ክትትሉ አልነበረም፤ ስኳሩ ይዞት የመጣው ጉዳት ነው። ተመራማሪዎቹ ጉድለቱን በቁጥር አስቀምጠውታል። ሙሉ ጤና 1፣ ሞት 0 ተብሎ በሚያዝበት መለኪያ፣ የእግር መቆረጥ 0.280፣ ስትሮክ 0.164፣ የልብ ድካም 0.108፣ የአንድ ዓይን መታወር 0.074 ይቀንሳሉ።

እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ሳነብ ዐይኔ ያረፈው በመጨረሻው ላይ ነው። የአንድ ዓይን መጥፋት ከእግር መቆረጥ በአራት እጥፍ ገደማ የቀለለ ነው ማለት ነው? ሁለተኛው ዓይን መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ የቀረውን ለመረዳት ግን መለኪያው ምን እንደሚጠይቅ ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ የወጡበት ኢኪው-ፋይቭዲ የተባለው መጠይቅ አምስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ የተለመደ ሥራን፣ ሕመምን ወይም ምቾት ማጣትን፣ ጭንቀትን ወይም ድብርትን። ስለ ማየት አንድም ጥያቄ የለውም። እግሩ የተቆረጠ ሰው ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ይያዛል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ግን ካልተደናቀፈ፣ ልብሱን ለመልበስ ካልተቸገረ፣ ካላመመው፣ ምንም እንዳልጎደለበት ተቆጥሮ ያልፋል።

ይህን ስል የማስባት አንዲት ታካሚ አለችኝ። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ለብዙ ዓመት በቡና መጋዘን በለቀማ ሠርታለች። ጅማ ያደገ ሰው የለቀማን ሥራ ያውቀዋል፤ ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተነቀዘውን፣ የተሰበረውን ፍሬ ከደኅናው በእጃቸው ይለያሉ፣ ክፍያውም የሚታሰበው በለቀሙት መጠን ነው። ስኳሩ ከዓይኗ ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዳ መጀመሪያ ያወቀችው እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጥቁሩ ፍሬ ከደኅናው ጋር እየተቀላቀለባት ተቆጣጣሪው ይመልስባት ጀመር፣ አጠገቧ ያለችው ሴት ጨርሳ ስትነሣ እርሷ ገና ግማሽ ላይ ትሆናለች። በአምስቱ ጥያቄዎች ስጠይቃት መራመድ አያስቸግራትም፣ ገላዋን ራሷ ትታጠባለች፣ የሚያማት ነገር የለም። «የተለመደ ሥራሽን ለመሥራትስ?» ስላት «ምን ሆኜ ሲስተር፣ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ወጡንም እሠራለሁ» አለችኝ። ለቀማውን ከተወች ወራት አልፈው ስለነበር የተለመደ ሥራዋ ቤት ውስጥ ያለው ሆኖ ነበር። ነጥቧ ከፍ ያለ ሆነ። መተዳደሪያዋ ግን ጠፍቷል፣ የወንድሟን እጅ ማየት ጀምራለች፤ ይህ ደግሞ ከዓይኗ ይልቅ እንደሚያንገበግባት የነገረችኝ መጠይቁን አጥፌ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

መጠይቁ ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። እንዲህ ያለ አጭርና ጠቅላላ መለኪያ የስኳርን ጉዳት ከአስም፣ ከልብ ሕመም ወይም ከካንሰር ጋር ለማነጻጸርና የጤና በጀት የት ቢውል ይበልጥ እንደሚጠቅም ለማስላት ያገለግላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ለየጤና ሁኔታው የሰጡት ዋጋ ታትሞ ስለወጣ፣ የእንግሊዞችን ሚዛን መዋስ አያስፈልገንም። አንዲትን ሴት ለማየት ግን አይበቃም። ለዚያ በየጉዳቱ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ፤ ስለ ማየት ብቻ በ25 ጥያቄ የሚጠይቅ አለ፣ የእግር ነርቭ ጉዳትና ቁስል በኑሮ ላይ ስላለው ጫና የሚጠይቅም አለ። የክትትል ክፍል ከእነዚህ ቢጀምር ይሻላል እላለሁ።

የጥያቄዎቹ ምሳሌ ከየት አገር እንደመጣም ማየት ይገባል። በዓለም ላይ እጅግ ከተለመዱት መለኪያዎች አንዱ የሆነው ኤስኤፍ-36 በመጀመሪያ ቅጂው መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ብሎ የሚጠራው ጠረጴዛ ማንቀሳቀስን፣ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ መጥረጊያ መግፋትን፣ ቦውሊንግና ጎልፍ መጫወትን ነው። ይህ መለኪያ በአገራችን ሳይፈተሽ አልቀረም፤ በቡታጅራ ገጠር ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። በጅማ ዙሪያ ላለ ሰው ግን ጉልበቱን የሚፈትነው ከምንጭ ውሃ ቀድቶ ዳገት መውጣት ነው፣ ቡና መውቀጥ ነው፣ ለቅሶ ቤት ውሎ መምጣት ነው፣ በዚህ በታወቀው ባለሦስት እግር በርጩማችን ላይ ተቀምጦ ያለ ሰው እርዳታ መነሣት ነው። የጭን ጡንቻው በነርቭ ጉዳት የሳሳ ታካሚ የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ብጠይቀው ብዙ ነገር ይነግረኛል።

ሌላው ችግር መልሱ እንዴት እንደሚገኝ ነው። መጠይቆቹ ታካሚው ብቻውን አንብቦ እንዲሞላቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ እኛ ጋ ግን ብዙዎቹን የምንሞላው እኛ እያነበብን ነው፣ ብዙ ጊዜም ታካሚው ከልጁ ጋር ነው የሚመጣው። ከሰቃ በኩል የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። እግራቸውን የምፈትሸው በተለመደው ቀጭን የናይሎን ክር ነው፤ ክሩ እስኪጎብጥ ድረስ ሲጫን 10 ግራም ያህል ግፊት ይሰጣል፣ ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ በተሰማው ቁጥር «አሁን» ይላል። አውራ ጣታቸውን፣ የእግራቸውን መዳፍ፣ ተረከዛቸው አጠገብ ያለውን ሁሉ ነክቼ ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ልጄ፣ ጀመርሽ እንዴ?» አሉኝ። መጠይቁን ሳነብላቸው ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ነበር፣ ሲደጋገምባቸው ደግሞ ልጃቸው «ደኅና ናቸው፣ ደኅና ብለሽ ጻፊው» ይለኛል። አባባ እየዋሹ አልነበረም፤ ፈጣሪን ማመስገን የሚገባ ነገር ነው፣ ልጃቸው ፊት ማማረርም አይሹም። ልጃቸው መድኃኒት ሊያወጣ ሲሄድ መጠይቁን ትቼ «አባባ፣ ስኳር ከያዘዎት ወዲህ የተዉት ነገር ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ቆይተው የሱብሒን ሰላት መስጊድ ሄደው መስገድ እንደተዉ ነገሩኝ። ሸበጡ በመንገድ ላይ ከእግራቸው ወልቆ ሲቀር አይታወቃቸውም፤ አንድ ጊዜ በባዶ እግራቸው ደርሰው ነው ሰዎች የነገሯቸው፤ ከዚያ ቁስል ወጣ፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ደግሞ ጫማ በሚወለቅበት ቦታ ሰው አጠገብ መቆም አሳፈራቸው።

በሕክምና ቋንቋ ይህ የስሜት ነርቭ ጉዳትና የእግር ቁስል ነው፣ ካርዳቸውም ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። በእርሳቸው ኑሮ ውስጥ ግን ከሰፈራቸው ሰዎች ጋር በየንጋቱ ይገናኙበት የነበረው ሶፍ፣ የሰላቱ ሰልፍ፣ ነው የጠፋው። የትኛውም መጠይቅ ይህን በቀጥታ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሰፊው የኑሮ ጥራት መጠይቅ መንፈሳዊነትንና የግል እምነትን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎት ነበር፤ 26 ጥያቄ ያለው አጭሩ ቅጂ ግን ዘርፎቹን አካል፣ ሥነ ልቦና፣ ማኅበራዊ ግንኙነትና አካባቢ ብሎ አራት ሲያደርጋቸው ይህኛው ለብቻው መቆሙ ቀረ። ጅማ ላይ የምንጠቀመው ደግሞ ጊዜ ስለሚቆጥብ አጭሩን ነው።

ከአጭሩ መጠይቅ ውስጥ ስለ ወሲብ ሕይወት እርካታ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄም ትኩረት ይፈልጋል። ስኳር የደም ሥርንና ነርቭን ስለሚጎዳ በወንዶች ላይ የብልት አለመቆም ከተለመዱት ጉዳቶች አንዱ ነው፣ ትዳርንም ያናጋል። በዕድሜ ለምበልጠውም ለሚበልጠኝም ወንድ ይህን እኔ ሴቷ ስጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የማገኘው ዝምታ ወይም «እሱን ተይው» የሚል መልስ ነው፤ አንዳንድ መረጃ ሰብሳቢ ደግሞ ሳይጠይቅ ይዘለዋል። የማኅበራዊ ግንኙነት ዘርፍ ሦስት ጥያቄ ብቻ ስላለው አንዱ ሲወድቅ ሲሶው ወደቀ ማለት ነው። ወንድ ነርስ ለብቻ ክፍል ውስጥ ሲጠይቅ ግን መልሱ ይመጣል፣ አንዳንዱም ለዓመታት የሚጠይቀው አጥቶ የቆየ መሆኑን ይናገራል። ይህን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም።

ጊዜም መልሱን ይለውጠዋል። ሰው ከጉዳቱ ጋር ሲኖር የራሱን ሚዛን ያስተካክላል፤ ለወራት በማይድን ቁስል ሲመላለስ የነበረ ሰው እግሩ ከተቆረጠ በኋላ «አሁን ተሻለኝ» ሊል ይችላል፣ ነጥቡም ከፍ ይላል፣ እውነቱንም ነው። ከዚህ ተነሥቶ መቆረጥ ያን ያህል አልጎዳውም ብሎ የሚደመድም ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ተለክቶ የተገኘ ነጥብ ብዙ የማያስደስተኝ፤ ያው ሰው በየጊዜው ሲጠየቅ፣ በመካከሉም ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው ነጥቡ ሐሳብ የሚሰጠው።

ካየኋቸው መለኪያዎች ውስጥ ወደ ልቤ የቀረበው ኤዲዲኪዎል የተባለው፣ በብሪታንያ የተዘጋጀው ነው። ጥያቄውን የሚያቀርበው በተለየ መንገድ ነው፤ «ስኳር ባይኖርብኝ ኖሮ የሥራ ሕይወቴ ምን ያህል የተሻለ ይሆን ነበር?» ብሎ ካስመለሰ በኋላ፣ ያ ነገር ለሰውየው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ለብቻ ይጠይቅና ሁለቱን ያባዛል። ለሰውየው ግድ የማይሰጠው ነገር ነጥቡን አይጎትተውም። መለኪያው በተሞከረባቸው ቦታዎች በአብዛኛው ከሁሉ በላይ ተጎድቶ የሚገኘው የፈለጉትን የመብላት ነፃነት ነው፤ ይህን ለማመን እኔ ጥናት አላስፈለገኝም። እዚህም ቢሆን ለዕረፍት ስለ መጓዝ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ፣ ስለ ጾም የሚጠይቅ የለም።

ጾም ግን በጅማ ከስኳር ታካሚ ጋር የሚደረግ ንግግር ሁሉ የሚደርስበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12,000 በላይ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሙስሊሞችን የጠየቀ ጥናት፣ ዓይነት ሁለት ካለባቸው 79 በመቶ ያህሉ፣ ዓይነት አንድ ካለባቸውም 43 በመቶ ያህሉ ከረመዳን ቢያንስ 15 ቀን እንደጾሙ አግኝቷል። ኢትዮጵያ ከ13ቱ አንዷ ባትሆንም፣ በክፍላችን የማየው ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ፈቃድ እንደሚሰጥ ታካሚዎቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ኦርቶዶክሶቹም የንስሐ አባታቸው ሊያቃልሉላቸው እንደሚችሉ ያውቃሉ። ይህ ፈቃድ ለእኛ መፍትሔ ይመስለናል፣ ለእነርሱ ግን ብዙ ጊዜ ኀዘን ነው። ቤቱ ሁሉ በአንድነት ሲያፈጥር ቀን በልቶ የዋለ አባት፣ ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ ማለዳ ቁርስ የምትበላ እናት፣ ያጡትን ነገር ኤችቢኤዋንሲ አያሳይም። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ሳይነግሩን ይጾማሉ። ስኳር የሚያወርደውን ግሊቤንክላሚድ የተባለ ክኒን እንደወትሮው ጠዋት ወስደው ምግብ ሳይበሉ ይውላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱም ራሱን ስቶ በባጃጅ ይመጣል። ስለ ጾም የማይጠይቅ መለኪያ እዚህ ከተማ ውስጥ ኑሮን ለካሁ ሊል አይችልም፤ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ከባልደረቦቼ የሚቀርብልኝ ክርክር አንድ ነው፤ ወረፋው ከበር ውጭ ተርፎ ሳለ ይህን ሁሉ ማን ይጠይቃል? ክርክሩ ቀላል አይደለም። በኔዘርላንድ ነርሶች የስኳር ታካሚዎችን የስሜት ሁኔታ በመደበኛ መጠይቅ እየለኩ ውጤቱን ከታካሚው ጋር እንዲወያዩበት የተደረገበት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ነበር፤ የታካሚዎቹ ስሜት ተሻሽሏል፣ ኤችቢኤዋንሲው ግን አልተለወጠም። አንዳንዱ ይህን አይቶ ልፋቱ ከንቱ ነው ይላል። እኔ ተቃራኒው ነው የሚታየኝ፤ ጥያቄውና ንግግሩ ብቻቸውን፣ መድኃኒት ሳይጨመር፣ የሰውን ልብ ቀለል ካደረጉ ይህ ራሱ የሕክምና ውጤት ነው። በስኳር ምክንያት የሚመጣን ጭንቀት በ20 ጥያቄ የሚለካው ፔድ የተባለው መጠይቅም 100 ላይ ተሰልቶ 40ና ከዚያ በላይ የደረሰ ሰው የተለየ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ያመለክታል፤ መሙላቱ ታካሚው ወረፋ ሲጠብቅ ሊያልቅ የሚችል ነው፣ ማንበብ ለማይችሉትም በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ በተለማማጅ ተማሪ እርዳታ ሊሞላ ይችላል። ተማሪዎችን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ በማስተማር የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ለዚህ ሰው አያጣም።

ለጊዜው እኔ በማየው ሰው ላይ የጀመርኩት ከዚህ ያነሰ ነው። ስኳር ከያዘዎት ወዲህ ምን ተዉ፣ ከተዉት ውስጥ ቢመለስልዎት የሚሹት የትኛውን ነው፣ ለማን ሸክም ሆንኩ ብለው ያስባሉ፤ እነዚህን ሦስቱን ልጁ ወይም ሚስቱ በሌሉበት እጠይቅና መልሱን በራሳቸው አነጋገር ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፣ ሐኪሙም ያነበዋል። ለቀማ ትሠራ የነበረችው ሴት ወደ ዓይን ክፍል ተልካ ሌዘር ተደርጎላታል፤ ሌዘሩ የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ይጠብቃል፣ ይህንንም አስቀድመን በግልጽ ስለነገርናት ወደ ለቀማ እመለሳለሁ ብላ መጠበቋን ትታ ቡና ቆልታ መሸጥ ጀምራለች። ለሰቃው አባት ከኋላው ማሰሪያ ያለው፣ ከእግር የማይወልቅ ሰፊ ጫማ እንዲገዛላቸው ለልጃቸው ነገርኩት፤ ምክንያቱን ሲሰማ ገረመው፣ አንድም ቀን አልነገሩትም ነበር።

የጾሙን ጥያቄ በተመለከተ፣ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን መመሪያ ከረመዳን በፊት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ታካሚው እንዲታይ ይመክራል። ይህ ጊዜ ግሊቤንክላሚዱን ለመቀነስ ወይም ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ለማዞር፣ የኢንሱሊኑን መጠን ለማስተካከል፣ ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ጾሙን ወዲያው መፍታት እንዳለበት ከታካሚውም ከቤተሰቡም ጋር ለመነጋገር ይበቃል። ለዐቢይ ጾምም 55ቱ ቀን ከመግባቱ በፊት እንዲሁ ሊደረግ ይችላል፤ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጉት፣ ጾም ፈተው የሚበሉት ምግብ በአብዛኛው እንጀራና ሽሮ ስለሚሆን መጠኑንም ጭምር ማየት ያስፈልጋል። በመጪው ዓመት በክፍላችን ቀጠሮ ሲያዝ የሁለቱም አጽዋማት መግቢያ ከፊት ተቆጥሮ፣ «ሊጾሙ አስበዋል?» የሚለው ጥያቄ በዚያው ቀጠሮ ላይ ለሁሉም እንዲቀርብ ሐሳቡን አቅርቤያለሁ፤ የክፍሉ ኃላፊም የታካሚዎቹን ዝርዝር በየወረዳቸው ለይቼ እንዳመጣ ጠይቀውኛል።